«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው»፦ ያቺን «ን» አትዋጧት

ባለፈው ሳምንት ማደያ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። አንድ የቦቴ ሹፌር የራሱ ትንሽ መኪና ነዳጅ አልቆባት እየገፋት መጣ። አንዱ በመስኮት ብቅ ብሎ «የዓባይ ልጅ ውሃ ጠማው!» ሲል ሰልፉ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። ሰውዬውን ግን ማንም አልከለከለውም። ማታ መቅዳት ረስቶ ነው፣ ራሱም ተናገረ። ቤት እስክገባ ድረስ ነገሩ ከሆዴ አልወጣም። ይህቺ ተረት ለዚህ አልተፈጠረችም።

ትርጉሟን ሁላችሁም ስለምታውቁት አልዘረዝረውም። እኔ ማውራት የምፈልገው ስለተወለደችበት ቦታ ነው።

ያደግኩት ደጀን አካባቢ ነው፣ የዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ። ከአያቴ ደጅ ትንሽ ራመድ ብሎ ቁልቁል ላየ፣ ዓባይ እታች እንደ ክር ተጋድሞ ይታያል። ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። እዚያ ወርዶ ውሃ ቀድቶ፣ እንስራ አዝሎ ያንን ዳገት የወጣ ሰው አይቼ አላውቅም። የምንጠጣው ከምንጭ ነበር። መጋቢት ሲገባ ምንጯ ትደክማለች፣ ሴቶቹ ዶሮ ሳይጮህ ወረፋ ይይዛሉ። አያቴ ቅሏን ይዛ ጠርዙ ላይ ቁጢጥ ትላለች። ውሃው ከአሸዋው ውስጥ ቀስ እያለ እስኪጠራቀም ትጠብቃለች፣ እንዳይደፈርስ ትንፋሿን ይዛ ትጨልፋለች፣ እንስራው ውስጥ ትገለብጣለች፣ ከዚያ ደግሞ ትጠብቃለች። ሲሞላ መንገድ ላይ እንዳይፈስ አፉን በቅጠል ትወትፈዋለች። ያ ቅጠል ለውሃው የሚሰጠው ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። እና ቀና ስትል ፊት ለፊቷ ያለው ዓባይ ነው።

የእኔ እምነት እንግዲህ ይህ ነው፦ ተረቷን ያወጣችው እንዲህ ቅል ይዛ የምትጠብቅ ሴት ናት። ማስረጃዬ ያቺ «ን» ናት። ድሮ የምንሰማው «የዓባይን ልጅ» ሲባል ነው፣ «የዓባይ ልጅ» አይደለም። ልጁ ምንም አላደረገም፣ ጥሙ ነው የመጣበት። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ እንደምንለው ነው፤ በአማርኛችን ጥም ሰው ላይ የሚደርስ ነገር ነው። ስለዚህ ተረቷን እንደ እሮሮ እንጂ እንደ ቀልድ ልሰማት አልችልም።

ነዳጅ ካነሳን አይቀር፣ ተረቷ ልክክ የምትልበትን ከተማ ልንገራችሁ። አባዳን ትባላለች፣ ኢራን ውስጥ። በአርቫንድና በባህማንሺር ወንዞች መካከል የተቀመጠች ደሴት ናት። ዊሊያም ኖክስ ዳርሲ የሚባል ባለሀብት በ1901 (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ከፋርስ ንጉሥ የ60 ዓመት የነዳጅ ፈቃድ አገኘ፣ በ1908 መስጂድ ሱለይማን የሚባል ቦታ ላይ ዘይቱ ከመሬት ፈለቀ። ቧንቧው ወደ አባዳን ተዘረጋ፣ ማጣሪያው በ1912 ሥራ ጀመረ፣ በ1914 ደግሞ የእንግሊዝ መንግሥት ራሱ ዘይቱን የሚያወጣውን ኩባንያ አብላጫ ድርሻ ገዛ። ኢራን በወረቀት ቅኝ ተገዝታ አታውቅም። አባዳን ግን ሰፈሩ ሳይቀር በዘር የተከፈለ ነበር። እንግሊዞቹ ብሬም የሚባል ሰፈር ውስጥ ሣር የለበሰ ግቢና መዋኛ ገንዳ ነበራቸው። ብዙ ተራ ሠራተኞች ደግሞ ካጋዛባድ፣ ማለትም «የወረቀት ከተማ»፣ ውስጥ የዛገ የዘይት በርሜል ጠፍጥፈው በሠሩት ጎጆ ይኖሩ ነበር። ቧንቧ የለም፣ መብራት የለም። የሚሠሩበት ማጣሪያ እኮ በዓለም ትልቁ ለመሆን የበቃ ነው፣ የእንግሊዝ የጦር መርከቦች የሚሄዱት በእሱ ዘይት ነበር!

በ1951 ኢራን ነዳጇን ወረሰች፣ እንግሊዞቹም በዚያው ዓመት ጠቅልለው ወጡ። በ1980 ከኢራቅ ጋር ጦርነት መጣ፣ ማጣሪያው ነደደ። በ2018 ሰኔ ማብቂያ ላይ ደግሞ የአባዳንና የጎረቤቷ የኾራምሻህር ሰዎች «የቧንቧችን ውሃ ጨው ሆነ» ብለው አደባባይ ወጡ። ሁለቱን ወንዞች የሚመግበው የካሩን ወንዝ ከላይ በግድብና በጠለፋ ተመናምኗል፣ ከታች የባሕሩ ጨው ሽቅብ ይገባል። ሁለት ወንዝ መሃል ተቀምጠው የሚጠጣ ውሃ በጀሪካን ይገዙ ነበር።

ያንን ዜና ሳነብ አያቴ ናት ትዝ ያለችኝ። እሷን ገደሉ ነው የከለከላት። አባዳን ላይ ግን ገደሉን ያበጀው ሰው ነው፣ መጀመሪያ በዘይቱ፣ ኋላም በውሃው።

አሁን አሁን ይህቺን ተረት ለማንኛውም ነገር ስንወረውራት እሰማለሁ። የባንክ ሠራተኛ ኪሱ ባዶ ሆኖ ሲገኝ፣ የወጥ ቤት ባለሙያዋ ቁርስ ሳትበላ ስትውል፣ ሁሉም «የዓባይ ልጅ» ነው። እንዴ፣ ረስቶ የመጣና ተከልክሎ የቀረ ሰው አንድ ነው እንዴ? የቦቴውን ሹፌር «ምነው ወንድሜ፣ ማታ ብትቀዳ ምን ነበረበት» ብትሉት ይበቃዋል። የአያቴን ተረት ተዉላት።