ትጋሀ ሌሊት

ትጋሀ ሌሊት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ካህናትና ምእመናን ሌሊቱን ሳይተኙ በጸሎትና በዜማ የሚያሳልፉበት ሥርዓት ነው። መነሻው «ተግሀ» የሚለው የግእዝ ግስ ሲሆን፣ እንቅልፍን ትቶ ነቅቶ መጠበቅን ያመለክታል። «ትጋት» ዛሬ በአማርኛ በብዛት የሚነገረው ለሥራ ነው፤ «ትጉና ጸልዩ» በሚለው የማቴዎስ ወንጌል ቃል (26፥41) ግን የጥንት ትርጉሙን እንደያዘ አለ። መጽሐፈ ሄኖክም መላእክትን «ትጉሃን» ይላቸዋል፤ ስሙ ለቅዱሳኑም፣ ሰማይን ትተው ለወረዱትም ያገለግላል።

ሌሊቱ በሁለት መልክ ይቆማል። አንዱ ሰዓታት የተባለው የሌሊት ጸሎት ነው፤ ድርሰቱ የአባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ እንደሆነ ይነገራል። በበዓላት የሚቆመው የዜማ ምስጋና፣ ማኅሌት፣ ደግሞ መሠረቱ በ6ኛው ክፍለ ዘመን የተነሣው የቅዱስ ያሬድ ዜማ ነው። ከዚያ በኋላ ስላሉት ብዙ መቶ ዓመታት የሚነገረው ጥቂት ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እንደሠሩ ሊቃውንቱ ይናገራሉ። አቋቋሙ፣ ማለትም ማኅሌቱ በአካል እንቅስቃሴና በመሣሪያ የሚቀርብበት መንገድ፣ ያማረውና የሰፋው በጎንደር መሆኑ ግን የሚያከራክር አይደለም፤ ላይ ቤት፣ ታች ቤትና ተክሌ የሚባሉት ስልቶች እስከ ዛሬ ደቀ መዝሙር ያፈራሉ።

ማኅሌት የሚቆመው በቅኔ ማኅሌት፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያኑ የውጨኛው ክፍል ነው። መዘምራኑ ግራና ቀኝ ይሰለፋሉ፤ መሪጌታው ይመራል፣ አንዱ ወገን ያለውን ሌላው ይቀበላል። «ስምዓኒ እግዚኦ ጸሎትየ» ተብሎ ይጀመርና ነግሡ፣ መልክኡ ከነዚቁ፣ ወረቡ፣ ምልጣኑና እስመ ለዓለሙ የተባሉት የማኅሌት ክፍሎች ይከተላሉ። ከዚያ ኪዳን የተባለው ጸሎት ይደርሳል፤ ቅዳሴውም ይቀጥላል።

አንድ ዚቅ፣ ማለትም ከመልክኡ ጋር የሚባል አጭር ዜማ፣ አንዴ ተብሎ አይታለፍም። መጀመሪያ በቁም ዜማ፣ ያለ መሣሪያ፣ በዝግታ ይባላል። ቀጥሎ ዝማሜ ነው፤ መቋሚያው፣ ማለትም መዘምራኑ የሚይዙት ረጅም በትር፣ ከሰውነት ጋር ወዲያና ወዲህ እያለ ዜማውን ይከተላል። በሦስተኛው ደረጃ፣ በመረግድ፣ ከበሮና በእጅ የሚንሿሿው ጸናጽል ይገባሉ፤ በመጨረሻው፣ በጽፋት፣ ደግሞ ጭብጨባ ይታከልና ፍጥነቱ ይጨምራል። እንቅልፍ በሚከብድበት ሰዓት ሰውን የሚያነቃው ይኸው ከዝግታ ወደ ፍጥነት የሚወጣው ቅደም ተከተል ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው፤ ከበሮ መቺው በመረግድ ከቸኮለ ጸናጽሉ ይበታተናል፣ የግእዙ ቃልም ይዋጣል። ስለዚህ ከበሮ የሚይዘው ቀለሙን፣ ማለትም የሚዜመውን ቃል፣ በቃሉ የያዘ ሰው መሆን አለበት፤ ምቱን ብቻ የሚያውቅ ዜማው የት እንደሚያርፍ አያውቅም። በዓሉ ከእሑድ ጋር ሲገጥም የሚባለው ቀለም አስቀድሞ ካልተወሰነም ግራና ቀኙ ይለያያሉ።

በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ይቀራሉ፤ የሚሠራው መቋሚያ ብቻ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው ወቅት ደግሞ ቅዳሜ ለእሑድ ሌሊት ማኅሌተ ጽጌ (የአበባ ማኅሌት) ይቆማል። በዚህ ወቅት ሌሊቱ በሙሉ በማኅሌት ስለሚያልፍ ለመዘምራኑ ከሌላው ጊዜ ይከብዳል፤ መቋሚያው የዝማሜ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን፣ ቆመው ለሚያድሩት መደገፊያም ነው።