ቢየሪ፦ ጣዖት የተባለው ዘበኛ

ጋቦን፣ ኢኳቶሪያል ጊኒና ደቡብ ካሜሩን ውስጥ ፋንግ የሚባል ሕዝብ ይኖራል። ቢየሪ ስለሚባለው የአያቶች ክብር ሥርዓቱና ስለ እንጨት ቅርጾቹ ብዙ ይወራል። አብዛኛው የተዛባ ነው።

«ፋንጎች ለእንጨት ይሰግዱ ነበር።» ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ይከበር የነበረው እንጨቱ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ነው። ከዛፍ ቅርፊት የተሠራ ክብ ሣጥን አስቡ። ውስጡ የቤተሰቡ ታላላቆች የራስ ቅሎች አሉ። ቅርጹ ክዳኑ ላይ ጉብ ብሎ እግሮቹን አንጠልጥሏል። ከኋላው የወጣ ዘንግ ሣጥኑ ውስጥ ይሰካል። ሥራው ጥበቃ ነበር፤ በተለይ ምሥጢሩ ካልተገለጠላቸው ዓይኖች። ችግር ሲመጣ ወይም መንደር ሲቀየር ቤተሰቡ ይማጸን የነበረው አያቶቹን ነው። ለዚህም ነው አንዳንዶች ቅርጹን ለፈረንጅ ሰብሳቢ ሰጥተው አፅሙን ያስቀሩት። ዘበኛ ሌላ ይጠረባል፤ የአያት ራስ ቅል ከየት ይመጣል?

«የራስ ቅሎቹ የተበሉ ሰዎች ናቸው።» ፋንጎች ሰው በላ ናቸው የሚለውን ወሬ ያናፈሱት እንደ ፖል ዱ ሻዩ ያሉ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዦች ናቸው። በሣጥኑ ያሉት ግን የገዛ ወገኖቻቸው ናቸው። የተከበሩ እናቶችም አሉበት።

«የቅርጹ ጭንቅላት ትልቅ የሆነው ጠራቢው ስላልቻለበት ነው።» እስኪ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ግንባሩ ሰፊና ክብ፣ እትብቱ የወጣ፣ እግሩ አጭር፦ የሕፃን ነው። ጡንቻውና የረጋው ፊቱ ደግሞ የትልቅ ሰው። አንትሮፖሎጂስቱ ጀምስ ፈርናንዴዝ እንደጻፈው፣ ፋንጎች ውበትን የሚያዩት ተቃራኒ ነገሮች ተመዛዝነው ሲቆሙ ነው። እኔ እንጃ፣ ከዚህ በላይ ችሎታ ምን ይሆናል!

«የፋንጎች ጭምብልም ያው ቢየሪ ነው።» አይደለም። በ2022 እ.ኤ.አ. ሞንፔልዬ ከተማ በጨረታ 4.2 ሚሊዮን ዩሮ ያወጣው ነጭ ጭምብል ንጊል የተባለው የፋንጎች ማኅበር ነው። የማኅበሩ አባላት ዳኞችና ጠንቋዮችን እያሳደዱ የሚይዙ ነበሩ። ሌላ ታሪክ ነው።

«ቅርጹ ላይ የሚያብለጨልጨው ቫርኒሽ ነው።» ፓልም ዘይት ነው። አዎ፣ ሸማቾች ተሰልፈን የምንገዛው ዘይት ዘመድ፤ የእነሱ ግን ያልተጣራ። ቅርጹን ደጋግመው ይቀቡት ስለነበር እንጨቱ ጠጥቶታል። ኒውዮርክ፣ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ውስጥ በአንድ ወቅት የቀራፂው ጃኮብ ኤፕስታይን የነበረ ትልቅ የቢየሪ ጭንቅላት አለ። እንደ ላብ ዘይት ያወጣል። ሣጥኑ ግን አብሮት የለም።