«ዘ ዲክ ቫን ዳይክ ሾው»፦ ደጋግሞ የሚታይ የስድሳዎቹ ኮሜዲ

«ዘ ዲክ ቫን ዳይክ ሾው» በአሜሪካው ሲቢኤስ ጣቢያ ከ1961 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. የታየ ጥቁርና ነጭ ኮሜዲ ነው። 158 ክፍሎች አሉት። ሎስ አንጀለስ ውስጥ በሦስት ካሜራ፣ ተመልካች ፊት ይቀረጽ ነበር።

ፈጣሪው ካርል ራይነር የጻፈው የራሱን ኑሮ ነው። በ1950ዎቹ ከኮሜዲያኑ ሲድ ሲዛር ጋር ይሠራ ነበር፤ ቤቱ ኒው ዮርክ ከተማ አጠገብ ያለችው ኒው ሮሼል ነበር። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሮብ ፔትሪም የቴሌቪዥን ቀልድ ጸሐፊ ነው፤ እሱም የሚኖረው ኒው ሮሼል ነው። ራይነር መጀመሪያ ራሱ ሮብን ሆኖ የሙከራ ክፍል ሠራ። ገዢ አላገኘም። ፕሮዲዩሰሩ ሼልደን ሌናርድ ጽሑፉን ቢወደውም ተዋናዩ እንዲቀየር ፈለገ። ራይነርም ቦታውን ለዲክ ቫን ዳይክ ለቀቀ። የገዛ ሕይወትን ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት ከባድ ነው፤ ተከታታዩን ያዳነው ግን ይሄ ይመስለኛል። ራይነር ኋላ የሮብን ቁጡ አለቃ፣ አለን ብሬዲን ሆኖ መጣ። መጀመሪያ ላይ ድምፁ እንጂ ፊቱ አይታይም ነበር። በመጨረሻው ክፍል ደግሞ ሮብ ስለ ሕይወቱ የጻፈውን መጽሐፍ አለን ለቴሌቪዥን ተከታታይ ይገዛዋል፤ ሮብን ሆኖ የሚተውነውም ራሱ አለን ነው!

ሲደጋግሙት የሚገኙ ነገሮች ብዙ ናቸው። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ መክፈቻው ላይ ሮብ ቤቱ ሲገባ አንዳንዴ የእግር ማሳረፊያው ጠልፎ ይጥለዋል፣ አንዳንዴ ዞር ብሎ ያልፈዋል። የትኛው እንደሚመጣ አይታወቅም። ሚስቱን ላውራን የምትጫወተው ሜሪ ታይለር ሙር ጠበብ ያለ ሱሪ ትለብሳለች። ያኔ በቴሌቪዥን የቤት እመቤት የምትታየው በቀሚስ ስለነበር ስፖንሰሮቹ አጉረመረሙ። ባልና ሚስቱ የሚተኙት ግን በተለያየ አልጋ ነው፤ የዘመኑ ደንብ ነዋ። ራይነር የወቅቱ አራዳ ቋንቋ እንዳይገባ ይጠነቀቅ ነበር። ቀልዱ ዛሬም ያልሻገተው ለዚህ ነው።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው በመስከረም 1963 የታየው የሕፃኑ ክፍል ነው። ላውራ ስትወልድ ሆስፒታሉ ፔትሪንና ፒተርስ የሚባሉ ቤተሰቦችን ሲያምታታ ይሰነብታል። ሮብ ልጃችን ተቀይሯል ብሎ ድርቅ ይላል። ፒተርሶችን ደውሎ ይጠራቸዋል። በሩ ይከፈታል፤ ጥቁር ባልና ሚስት ናቸው። ሮብ ክው ይላል። ስልክ ላይ ለምን አልነገርከኝም ሲለው፣ አቶ ፒተርስ ፊትህን ማየት ፈልጌ ነው ዓይነት መልስ ይሰጠዋል። ስቱዲዮው በሳቅ ተናጋ። ክፍሉ ሲታይ ከዋሽንግተኑ የጥቁር አሜሪካውያን የሲቪል መብት ሰልፍ ወር እንኳ አልሞላውም ነበር፤ ከቀረጻው በፊትም ስጋት ነበር። ነገር ግን የሚሳቅበት ሮብ ነው። ፒተርሶች ነገሩ ቀድሞ የገባቸው፣ የተረጋጉና ጨዋታ አዋቂ ሰዎች ሆነው ነው የቀረቡት።