የስቴንስል ማባዣ ማሽን በኅትመት ጥበብ

የስቴንስል ማባዣ በሰም የተነከረ ስስ ወረቀት ላይ በተፋቀ ቀዳዳ ቀለም አሳልፎ የሚያትም መሣሪያ ነው። የተሠራው ለቢሮ ሰርኩላር፣ ለፈተና ወረቀትና ለበራሪ ጽሑፍ ነበር። በኢትዮጵያም በትምህርት ቤቶችና በ1960ዎቹ የተማሪዎች እንቅስቃሴ ዘንድ በሰፊው አገልግሏል። ፎቶኮፒ ከቢሮ ሲያስወጣው አንዳንድ የኅትመት ጥበብ ሰዎች የሥዕል መሣሪያ አደረጉት።

ቶማስ ኤዲሰን በኤሌክትሪክ ብዕር ወረቀት እየበሱ የማባዛት ዘዴን እ.ኤ.አ. በ1876 በፓተንት አስመዘገበ። የቺካጎው አልበርት ብሌክ ዲክ ከእርሱ ፈቃድ ወስዶ በ1887 «ሚሚዮግራፍ» በሚል ስም ገበያ ላይ አወጣው። የሃንጋሪ ተወላጁ ዴቪድ ጌስቴትነር በበኩሉ በ1881 ጥርስ ባላት ትንሽ ጎማ ስቴንስል የሚበሳ ብዕር በለንደን አስመዘገበ። በጃፓን ሆሪይ ሺንጂሮ በ1894 ለገበያ ያቀረበው ጠፍጣፋ ማባዣ ኤሌክትሪክም የጽሕፈት መኪናም ስለማይፈልግ የገጠር ትምህርት ቤት ድረስ ዘለቀ። ዘዴውን ወደ ሥዕል ካሻገሩት ጃፓናውያን አንዱ ዋካያማ ያሶጂ ነው። በኒውዮርክ ደግሞ ሠዓሊው ጆ ብሬናርድ ከገጣሚዎች ጋር ያዘጋጀው የሥዕል መጽሔት በ1964 በማባዣ ታትሟል።

ለሥዕል ከሁሉም የሚመቸው የጃፓኑ ዓይነት ነው። ስሱ የሰም ወረቀት መስመር በተቀረጸበት የብረት ሞረድ ላይ ይዘረጋል፤ በላዩ በሹል የብረት ብዕር ሲሳል ሰሙ ሞረዱ በሚነካበት ነጥብ ብቻ ይነሣል፤ የወረቀቱ ቃጫ ግን አይቆረጥም። ስለዚህ አንድ መስመር ከቅርብ ሲታይ የነጥቦች ሰልፍ ነው። የጥላው ዓይነት የሚወሰነውም ከሥር ባለው ሞረድ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ የተጠላለፈ፣ ደቃቅ ወይም ሻካራ። እጅ ከተጫነ ወረቀቱ ይቀደዳል፤ ከሳሳ ደግሞ ሰሙ ስለማይነሣ መስመሩ ይቆራረጣል። ስህተት በማረሚያ ፈሳሽ ይደፈናል፤ ሲደርቅ እንደገና ይሳልበታል።

በጽሕፈት መኪና ሲሠራ ሪባኑ ይወርድና ፊደሉ በቀጥታ ስቴንስሉን ይመታል። እዚህ ላይ የግዕዝ ፊደል የራሱ ፈተና አለው። እንደ መ፣ ዐ እና ፀ ያሉ ክብ ያላቸው ፊደላት ጠንክረው ሲመቱ የክቡ መሐል ተቆርጦ ይወድቅና በኅትመቱ ላይ ጥቁር ድብልብል ነጥብ ይወጣል። መድኃኒቱ ፊደሎቹን ከቆሻሻ ማጽዳት፣ ክብ ያለበትን በቀስታ መምታትና በስቴንስሉ ላይ ስስ ፕላስቲክ ማልበስ ነው።

በሚሽከረከረው ማሽን ላይ ስቴንስሉ የተጻፈበት ፊቱ ቀለም ወደሚያሳልፈው ሐር ዞሮ ይሰቀላል፤ በተቃራኒው ከተሰቀለ ሥዕሉ በመስታወት እንደታየ ተገልብጦ ይታተማል። በእጅ ከመሐል ወደ ዳር ካልተዳበሰ የሚቀረው ሽብሽብ በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ ሰረዝ ሆኖ ይወጣል፤ ቆይቶም እዚያው ይቀደዳል። የጌስቴትነር ማሽን ሁለት ሲሊንደሮችን የሚያቅፍ የሐር ወንፊት አለው፤ ቀለሙን ሮለሮች ግራና ቀኝ እየተንሸራተቱ ያሰራጩታል። ከቀለሙ ቱቦ በተጨማሪ በእጅ ከአንድ ጫፍ ሰማያዊ ከሌላው ቢጫ ቢቀባበት ይኸው መንሸራተት መሐሉን አረንጓዴ ያደርገዋል፤ ድንበሩ በየቅጂው እየሰፋ ስለሚሄድ መጀመሪያውና መጨረሻው አንድ ዓይነት አይሆኑም። ባለ አንድ ሲሊንደሩ የዲክ ማሽን የሚያንሸራትት ሮለር ስለሌለው ቀለሞቹ በተቀቡበት ይቆያሉ። ስለዚህ በብሩሽ በየቦታው ቀብቶ ብዙ ቀለም በአንድ ዙር ማተም ይቻላል። እኛ ለሥዕል ይህን እናስቀድማለን፤ ባለ ሁለት ሲሊንደሩ ቀለም ለመቀየር ሮለሩንም ሐሩንም ማጠብ ስለሚጠይቅ አድካሚ ነው።

አብዛኛው ሙከራ የሚከሽፈው በቀለም ምክንያት ነው። የማባዣ ቀለም አየር ላይ እንዲደርቅ አልተሠራም፤ ወረቀት ውስጥ በመስረግ ነው የሚረጋው። ማድረቂያ የተጨመረበት የኦፍሴት ቀለም ከተተካበት ሐሩ ላይ ቆዳ ያበጅና ቀዳዳውን ይደፍናል። የሪሶግራፍ (የዲጂታል ስቴንስል ማባዣ) ቀለም ግን ያለ ችግር ያልፋል፤ ሲቀጥን በፊደሉ ዙሪያ የዘይት ጥላ ስለሚተው ቀለሙን በመጠኑ መጨመር ያስፈልጋል። ብርድ ባለበት ጠዋት ቀለሙ ወፍሮ ነጭ ክፍተት ሲበዛ ቱቦውን ሙቅ ውኃ ውስጥ ማቆየት ይበቃል። ወረቀቱ ከ70 እስከ 80 ግራም ያልተለበጠ፣ ቀለም የሚመጥ መሆን አለበት፤ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ቀለሙ ለሳምንታት እጅ ይነካል። ስስ የእጅ ሥራ ወረቀት በመጋቢው ስለሚጨማደድ የፊት ጠርዙን በፕላስተር ጠንካራ ወረቀት ላይ አጣብቆ ማሳለፍ ይሻላል።

የሰም ስቴንስል ዛሬ በቀላሉ አይገኝም፤ ያረጀው ደግሞ ሰሙ ደርቆ ይሰነጣጠቃል። የሪሶግራፍ ማስተር ፊልም፣ ማለትም የዚያ ማሽን ስቴንስል፣ በዲጂታል ማሽኑ በሙቀት ከተበሳ በኋላ ተቆርጦ በአሮጌው ሲሊንደር ላይ በፕላስተር ሊጣበቅ ይችላል። ፎቶግራፍ እንዲህ ይገባል፤ የእጅ መስመሩ ስቴንስሉን ሲፍቅ የሚተወው ሸካራነት ግን ይቀራል፤ ለእኛ ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

የተገኘ አሮጌ ማሽን ከመሞከሩ በፊት የደረቀ ቀለሙ በነጭ ጋዝ ወይም በአኳራጅ ይለቀቃል። ሐሩ ሲታጠብ መታሸት የለበትም፤ ይቀደዳል። ወረቀት የሚጎትተው ጎማ በዕድሜ ጠጥሮ ከተንሸራተተ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ይሻከራል፤ ጎማው ተሰነጣጥቆ ከሆነ ግን መተካት እንጂ ማሻከር አይረዳም። በተለያየ ስቴንስል ሁለተኛ ቀለም ሲደረብ የመጋቢው መዛነፍ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊሜትር ሊደርስ ስለሚችል፣ ሥዕሉ ሲነደፍ ቀለሞቹ ጠርዝ ለጠርዝ ከሚገናኙ ይልቅ በጥቂቱ እንዲደራረቡ ይደረጋል። ከመጀመሪያው ቀለም በኋላ ቅጂዎቹ ቢያንስ አንድ ቀን ማደር አለባቸው፤ አለዚያ ሁለተኛው ዙር ሮለር የመጀመሪያውን እያነሣ በቀጣዩ ወረቀት ላይ ይለጥፈዋል። ሲከመሩም በየመሐሉ ንጹሕ የጋዜጣ ወረቀት ይገባል።