ድር ቢያብር፦ የሸረሪቷ ነው ወይስ የፈታይዋ?

በቅርቡ ለተማሪዎች የተዘጋጀ አንድ የኬሚስትሪ ገለጻ እየተከታተልሁ ነበር። መምህሩ ሁለት የሃይድሮጅን አቶሞች ኤሌክትሮኖቻቸውን ተጋርተው እንዴት እንደሚተሳሰሩ በሥዕል አሳየና ወደ ተማሪዎቹ ዞሮ «አያችሁ፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይህ ነው» አለ። ተማሪዎቹ ፈገግ አሉ፤ ጻፉትም። እኔ ግን እጄን አውጥቼ ለመሟገት ምንም አልቀረኝም ነበር። ምሳሌው ለኬሚስትሪ አይሆንም ብዬ አይደለም፤ እንደ እርሱ የሚስማማው አላውቅም። መምህሩ ግን ያለቦታው ተከለው።

ምሳሌው ምን ማለት እንደሆነ ለማንም አላስረዳም፤ ሕፃን ያውቀዋል። የሚቆጨኝ ድሩ ነው። አብዛኛው ሰው ድር ሲባል ወዲያው ሸረሪት ትታየዋለች። ሸረሪት ግን ድሯን ታሰፋለች፣ ትዘረጋለች እንጂ መቼ እንዲያብር ታደርገዋለች? የሸረሪት ድር ደግሞ ስሙ ሲጠራ ባለቤቱን ማስከተል ይወዳል፤ «የሸረሪት ድር» ይባላል። «ድር» ብቻውን ሲቆም ከማግ ጋር የሚነሣው የሸማኔው ድር ነው። ስለዚህ የእኔ እምነት ይህ ነው፤ ምሳሌውን የተናገረችው ጥጥ ስትፈትል የኖረች ሴት ናት። ማስረጃ አምጣ ብትሉኝ የማመጣው አያቴን ነው።

አያቴ ጥጡን ከፍሬው በመዳመጫ ለይታ፣ በደጋን ነድፋ፣ ባዘቶ አድርጋ ከጨረሰች በኋላ እንዝርቷን ይዛ ፀሐይ ላይ ትቀመጣለች። በአንድ እጇ እንዝርቱን ታሾራለች፣ በሌላው ባዘቶውን ወደ ላይ ትስባለች። ከደመና የሚመስል ነገር ውስጥ ቀጭን ክር እየተመዘዘ ሲወጣ ማየት ለእኔ አስማት ነበር። ለድር የሚሆነው በጣም ይከርራል፤ ለማግ የሚሆነው ላላ ይላል። ድር ሸማኔው ወጥሮ የሚሠራበት ነው፣ ሁሉን ጉተታ የሚችለው እርሱ ነውና። («ክር» እና «ከረረ» የአንድ እናት ልጆች ይመስሉኛል፤ የቋንቋ ሊቃውንት ቢቆጡኝም።)

አንድ ቀን ገመድ ልሥራ ብዬ ከባዘቶው ሁለት እፍኝ ሰረቅሁ። ብዙ ጥጥ ብዙ ጉልበት አለው የሚል ነበር ስሌቴ። ጨምቄ ጠቅልዬ፣ ክንዴን የሚያህል ነገር አበጅቼ ስስበው ያለ ድምፅ ለሁለት ተከፈለ። አያቴ አልተቆጣችም። ከዚያው ከተበጣጠሰው ላይ ቆንጥራ ስንዝር የምታህል ክር አከረረችና «በል ሳብ ልጄ» አለችኝ። ጣቴን ቆረጠኝ እንጂ አልተበጠሰም። «ጥጡ ያው ጥጥ ነው፤ የአንተው አልተሰለፈም» አለች፤ ወደ እንዝርቷም ተመለሰች።

ምሳሌው «ድር ቢበዛ» አይልም፤ «ቢያብር» ይላል። ማበር መብዛት አይደለም። በአንድ ወገን መቆም፣ ወደ አንድ አቅጣጫ መሳብ ነው። አያቴ ማከረር የምትለው ሥራ ጭረቶቹን፣ የጥጡን ቀጫጭን ፀጉሮች ማለት ነው፣ ጎን ለጎን አስተኝቶ እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል፤ ከዚያ በኋላ በሳቧቸው ቁጥር ሰበቃው ይይዛቸዋል።

ይህ ግን የክሩ ነገር ነው። ወደ አንዲት የጥጥ ጭረት ውስጥ ብንገባ ያው ታሪክ ከታች እንደገና ይጀምራል፤ እኔን የሚያስገርመኝም ይህ ነው።

ጥጥ ማለት ይብዛም ይነስም ሴሉሎስ ነው፤ ሴሉሎስ ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ የግሉኮስ (የስኳር ዓይነት ነው) ቀለበቶች ተቀጣጥለው የሠሩት ረጅም ሰንሰለት። ቀለበት ከቀለበት የሚያያዘው በኮቫለንት ትስስር ነው፤ አሜሪካዊው ኬሚስት ጊልበርት ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1916 በጥንድ ኤሌክትሮን መጋራት ያስረዳው ዓይነት። ይህ ትስስር ረዳት አይፈልግም። መምህሩ ያሳያቸውን ሁለቱን የሃይድሮጅን አቶሞች ለመለያየት በአንድ ሞል (ኬሚስቶች አቶምና ሞለኪውል የሚቆጥሩበት ጥቅል ነው) 436 ኪሎጁል ያህል ጉልበት ይጠይቃል። እነዚያ ሁለቱ ብቻቸውን አንበሳ ናቸው፤ ድር አይደሉም።

ድሩ ሌላ ቦታ ነው። በየቀለበቱ ዙሪያ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንዶች ተንጠልጥለዋል። ኦክስጅን የጋራውን ኤሌክትሮን ወደ ራሱ ስለሚጎትት ሃይድሮጅኑ በከፊል አዎንታዊ ሆኖ ይቀራል፤ ከጎረቤት ሰንሰለት ያለውን ኦክስጅንም ይፈልጋል። ይህ የሃይድሮጅን ትስስር ነው፤ አቅሙ በአንድ ሞል 20 ኪሎጁል ገደማ፣ ከመምህሩ ምሳሌ ሃያ እጥፍ ያህል ያነሰ። አንዱን ብቻ ብታገኙት ለመበጠስ የክፍሉ ሙቀት ይበቃዋል። በሰንሰለቱ ርዝመት ሁሉ ሲደረደሩ ግን ጥጡ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ አይሟሟም። ውኃ የሚወዱ ጥንዶች ሞልተውት ሳለ! እንዲያውም ጥጥ ሲረጥብ ጥንካሬው ይጨምራል።

ታዲያ መደርደሩን ማን ሰጠው? ቅርፅ ነው። አቶሞች እንደ ጠጠር ዝም ብለው አይጠጋጉም። እ.ኤ.አ. በ1957 ሮናልድ ጊሌስፒና ሮናልድ ናይሆልም ያቀረቡት ሐሳብ ቀላል ነው፤ በአንድ አቶም ዙሪያ ያሉ የኤሌክትሮን ጥንዶች ሁሉም አሉታዊ ስለሆኑ በተቻለ መጠን ይራራቃሉ። አራት ጥንድ ሲሆኑ በጠፍጣፋ ሳይሆን በዙሪያው ሁሉ ወደ አራት አቅጣጫ ይበተናሉ፤ በሚቴን ውስጥ በመካከላቸው ያለው አንግል 109.5 ዲግሪ ነው። በውኃ ውስጥ ደግሞ ከአራቱ ጥንዶች ሁለቱ ሃይድሮጅን ያልያዙ ሥራ ፈቶች ናቸው፤ ሥራ ፈት እንደ ልማዱ ሰፊ ቦታ ይይዛል፣ ሁለቱን ሠራተኞች ገፍቶ ወደ 104.5 ዲግሪ ያቀራርባቸዋል። ውኃ ጎባጣ የሆነው ለዚህ ነው። እንደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀጥ ቢል ኖሮ የግራውና የቀኙ ጉተታ ተጣፍቶ ይቀር ነበር።

ቅርፅ በጥጡም እንዲሁ ይወስናል፤ ስታርችን (በእህልና በድንች ያለውን) ከሴሉሎስ ጋር አስተያዩ። ሁለቱም የተሠሩት ከግሉኮስ ነው፤ ጥጡ ያው ጥጥ ነው እንደማለት። ልዩነቱ ቀለበቶቹ የሚያያዙበት አቅጣጫ ነው። በስታርች ሰንሰለቱ እየዞረ ይጠቀለላል። በሴሉሎስ እያንዳንዱ ቀለበት ከጎረቤቱ አንጻር ስለሚገለበጥ ሰንሰለቱ ቀጥ ብሎ ይዘረጋል፣ ጎን ለጎን ይተኛል፣ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንዶቹም ፊት ለፊት ይገናኛሉ። እኔ ጠቅልዬ የሠራሁት ገመድና አያቴ ያከረረችው ስንዝር ክር እነሆ በሞለኪውል መጠን።

ለሸረሪት ወገኖች ፍርድ እንዳላጓድል፦ የሸረሪት ሐርም የፕሮቲን ሰንሰለቶች ጎን ለጎን ተነባብረው በሃይድሮጅን ትስስር የሚያያዙበት ነው። ስለዚህ ምሳሌውን ሸረሪት ተናገረችው ብትሉም ኬሚስትሪው አይቃወማችሁም። እኔ ግን ከአያቴ አልነቃነቅም።

አንበሳው ከየት እንደመጣ ብዙም አያስጨንቀኝ። ድር፣ ያብር፣ ያስር ሲል ጆሮ ያጠግባል፤ የሚታሰረው ደግሞ ትልቅ መሆን ነበረበት።

የሚያስጨንቀኝ ምሳሌውን የዛሬ ሰው የሚይዘው አያያዝ ነው። ሰው መሰብሰብ የፈለገ ሁሉ፣ መዋጮ የጠየቀ ሁሉ፣ ጠንካራን ከጠንካራ ያጣመደ ሁሉ ድር ቢያብር ይላል። ዋናው ብዛት ከሆነ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ተቀምጦላቸዋል፤ እርሱን ይጥሩ። ያ መምህርም በሚቀጥለው ጊዜ ምሳሌውን ሁለት ሦስት ገጽ ወደፊት ቢያቆየው፣ የሃይድሮጅን ትስስር ላይ ሲደርስ ራሱ ይጠራው ነበር።