ምትክ የሌለው ካምቢዮ፦ የሰሜን ባሕር የሄሊኮፕተር አደጋዎች

በሄሊኮፕተር ላይ ምትክ የሌለው ዕቃ ካምቢዮው ነው። አንድ ሞተር ቢጠፋ ሌላው አለ፤ ሁለቱም ቢጠፉ እንኳ ከታች የሚገፋው አየር ሮተሩን (ከላይ የሚዞሩትን ክንፎች) እያሽከረከረ አብራሪው እንዲያርፍ ዕድል ይሰጠዋል። የሞተሮቹን ዙር ቀንሶ ለሮተሩ የሚያቀብለው የማርሽ ሳጥን ግን አንድ ብቻ ነው።

የነዳጅ ሠራተኞችን የሚያመላልሱት የሱፐር ፑማ ሄሊኮፕተሮች ታሪክ ይህንን በግልጽ ያሳያል። ኤፕሪል 1 ቀን 2009 እ.ኤ.አ. አንዱ ከስኮትላንድ ጠረፍ ማዶ ወድቆ የተሳፈሩት 16 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። ካምቢዮው ውስጥ አንድ ማርሽ በመዛል (በተደጋጋሚ ጫና ደክሞ) ተሰንጥቆ ነበር። ከሳምንት በፊት ከማርሾች የሚረግፍ ብረት እንዲይዝ በዘይቱ ውስጥ የተደረገው ማግኔት አንዲት ትንሽ የብረት ቅንጣት ይዞ ተገኝቷል፤ ሆኖም በባለሙያዎቹና በአምራቹ መካከል መግባባት ስላልነበረ ማርሾቹ ተፈትተው አልታዩም።

በ2012 ሁለት ሄሊኮፕተሮች ባሕር ላይ ለማረፍ ተገደዱ፤ ደግነቱ ሁሉም ተሳፋሪ ተረፈ። የዚህኛው ጣጣ የመጣው ከፋብሪካ ነው። የዘይት ፓምፖቹን የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ በብየዳ የተያያዘ ሲሆን፣ ከብየዳው የቀረው ውጥረት ከዝገት ጋር ተደምሮ ሰነጠቀው። ይባስ ብሎ፣ የዘይት ፓምፖቹ ሲቆሙ የሚተካቸው የአደጋ ጊዜ ማለስለሻ እየሠራ ሳለ የማስጠንቀቂያ መብራቱ «አልሠራም» አለ፤ የግፊት መቆጣጠሪያው የተስተካከለበት ልክ ከመሣሪያው ጋር አልተጣጣመም ነበር።

ኤፕሪል 29 ቀን 2016 ደግሞ ኖርዌይ ውስጥ፣ ከጉልፋክስ ቢ የነዳጅ መድረክ ወደ በርገን ሲመለስ የነበረ ሄሊኮፕተር ሮተሩ በአየር ላይ ተነቀለ። 13 ሰዎች ሞቱ። አሁንም ጥፋተኛው በ2009 እንደተሰነጠቀው ያለ ማርሽ ነበር። ስንጥቁ ኩሽኔታው ከሚንከባለልበት ገጽ ጀምሮ ወደ ውስጥ ስላደገ የሚረግፍ ብረት አልነበረም ለማለት ይቻላል፤ ማግኔቱ ምን ይያዝ? ካምቢዮው ቀደም ሲል በመኪና ሲጓጓዝ አደጋ ደርሶበት ተጠግኗል፤ መርማሪዎቹ ግን ስንጥቁን ከዚያ ጋር የሚያገናኝ ማስረጃ አላገኙም።

ከዚህ አደጋ በኋላ ሱፐር ፑማዎቹ እንዳይበሩ የጣሉትን እገዳ ብሪታኒያና ኖርዌይ ያነሱት በጁላይ 2017 ነው። እስከዚያ ሥራው በአብዛኛው ለሌላ ዓይነት ሄሊኮፕተር፣ ለሲኮርስኪ ኤስ-92፣ ተላልፎ ነበር። እርሱም ንጹሕ አይደለም፦ ማርች 12 ቀን 2009 በካናዳ ኒውፋውንድላንድ አጠገብ የዘይት ማጣሪያውን የያዙት የቲታኒየም ብሎኖች ተበጥሰው ዘይቱ ፈሰሰ። ከማስጠንቀቂያው 11 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ባሕር ውስጥ ሲወድቅ ከተሳፈሩት 18 ሰዎች የተረፈው አንድ ነው። የቲታኒየም ብሎኖቹ በኋላ በአረብ ብረት ብሎኖች ተተኩ።