«ሽፋን» ምንድን ነው? 112 ከመቶ ሲወጣ አታጨብጭቡ

ጤና ኢንፎርማቲክስ (የጤና መረጃ አያያዝ) በኦንላይን የሚማር አንድ ወንድም የሠራውን ግራፍ አሳየኝ። የፔንታ 3 (አምስት በሽታዎችን የሚከላከለው የሕፃናት ክትባት ሦስተኛ ዙር) ሽፋን፣ 112 ከመቶ። «ከዕቅድ በላይ አሳክተናል፤ ቁጥር አይዋሽም» አለኝ። ይህን አባባል ስንት ጊዜ እንደሰማሁት! አሁንስ በዛ።

ግራፉ ያምራል። ሽፋን ማለት የተከተቡት ልጆች ቁጥር መከተብ ለነበረባቸው ልጆች ቁጥር ሲካፈል ነው። ችግሩ ማካፈያው ላይ ነው፤ እኛ ዲኖሚኔተር የምንለው። የተከተቡትን ልጆች ቆጥረናል። መከተብ የነበረባቸውን ግን ማንም አልቆጠረም። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የወረዳው ሕዝብ በትንበያ ይሰላል፤ ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ደግሞ ከዚያ ላይ በመቶኛ ይወጣሉ። ግምት በግምት ላይ ነው።

ድግስ አስቡ። ደጋሹ 400 ሰው ይመጣል ብሎ ጠላውን አስጠመቀ፣ እንጀራውን አስጋገረ። ማታ ሳህን ሲቆጠር 448 ሆነ። ታዲያ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በልቷል ማለት ነው? ሰፈሩ ውስጥ ያለው ሰው 520 ቢሆንስ? ያኔ ሽፋኑ 86 ከመቶ ነው፤ 72 ሰው ጦሙን አድሯል። ከበሉት 30ው ከጎረቤት ቀበሌ ጎራ ያሉ ከሆኑ ደግሞ ጦሙን ያደረው 102 ይሆናል። ሁለቴ የቀረበለትንም አልቆጠርኩም። ሳህን የሚቆጥር ሰው ቤቱ የቀረውን አያይም።

በእኛ በጎጃም ይህ የየቀኑ ነገር ነው። የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ሴት ብዙ ጊዜ እናቷ ቤት ሄዳ ትወልዳለች። አራስነቷንም እዚያው ትጨርሳለች። ልጁ 6 ሳምንት ሲሞላው ፔንታ 1ን እናቷ ቀበሌ ይከተባል። በ14 ሳምንቱ ፔንታ 3 ሲደርስ ግን ባሏ ቀበሌ ተመልሳለች። አንዱ ጤና ኬላ ይተርፈዋል፣ ሌላው ይጎድለዋል። ሁለቱም ባለሙያዎች መዝገባቸውን በታማኝነት ሞልተዋል።

ከ100 ያለፈውን ሁሉ 100 የሚያደርጉ አሉ። «አውትላየር (ከሌሎቹ ያፈነገጠ ቁጥር) ነው» ብለው የሚሰርዙም አሉ። እባካችሁ ተዉት። 112 መዝገቡን ክፈቱ የሚል ጥሪ ነው። ስትሰርዙት የት መሄድ እንዳለባችሁ የሚነግራችሁን ነገር አጠፋችሁ።

ማካፈያው ካልታመነ ፔንታ 1 የጀመሩትንና ፔንታ 3 የጨረሱትን አነጻጽሩ። ሁለቱም ከመዝገብ ስለሚወጡ የሕዝብ ግምት አያስፈልግም። እናቶች ስለሚንቀሳቀሱ ግን በቀበሌ ሳይሆን በወረዳ ደረጃ ብታዩት ይሻላል። ደግሞ የሪፖርት ወራችን በእኛ አቆጣጠር ከአንዱ ወር 21 እስከ ቀጣዩ ወር 20 መሆኑን አትርሱ፤ በፈረንጅ ወር ከተሰበሰበ ዳታ ጋር ዝም ብሎ አይገጥምም።

አንድ ቀን ቡሬ አካባቢ ከአንዲት ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጋር መዝገብ ስናገላብጥ ነበር። የዚያ ጤና ኬላ ሽፋን ከመቶ በላይ ነው። የፔንታ 3 ሳጥኗ ባዶ የሆነ አንዲት ሕፃን ስም ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«እናቷ ማርቆስ ይዛት ሄዳለች» አለችኝ። «ስልኳ አለኝ፤ ዛሬ እደውልላታለሁ።»